ወደ አቢንግደን የተደረገ ጉዞ፤ ስለ አንዲት አሮጌ ኦቶሞቢልና ስለ ጭሷ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ወዳጆቹ ስለ ታላላቅ ሕንጻና ስለ ሰፊ አደባባይ እንዲያወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔም ባለፈው ክረምት ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይቻለሁ። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ በልቤ ተጽፎ የቀረው ሕንጻም አደባባይም አይደለም። በኦቶሞቢል ሞተር ላይ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ የሚቀመጥ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲም የማይበልጥ ስስ ነገር ነው። የሞተር ሠራተኞች ጓርኒሲዮን ይሉታል። ይህ ስስ ነገር ሁለት ዘመዳሞችን ከመንገድ ሊያስቀር ምን ያህል እንደ ቀረበና እኛም እንዴት እንደ ዳንን፣ ኦቶሞቢል ላለውም በኦቶሞቢል ለሚሳፈርም ሰው ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ጻፍሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሎንዶን ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ የአክስቴ ልጅ አሉኝ። በዕድሜ እጅግ ስለሚበልጡኝ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ጋሼ በስደት ወደዚያ አገር በገቡ ጊዜ መጀመሪያ ያገኙት ሥራ ሌሊት ሌሊት በአንድ ጋራዥ ኦቶሞቢል ማጠብ ነበር። ከሚያጥቧቸውም ሁሉ አንዲት ኤም.ጂ.ቢ. የምትባል፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ ትንሽ ኦቶሞቢል ዓይናቸውን ማረከችው። «አንድ ቀን እንዲህ ያለችውን እገዛለሁ፤ ገዝቼም ወደ ተሠራችበት ከተማ እየነዳሁ እወስዳታለሁ» ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ። ጡረታ በወጡ ጊዜ ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ በ1967 ዓ.ም. የተሠራችውን አንዲቱን ገዙ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ጣራዋ ከሸራ የተሠራ ስለ ሆነ ብራ ሲሆን ይታጠፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይዘረጋል። ጋሼም እንደ ሰጋር በቅሎ ይንከባከቧታል።

የተሠራችበት ከተማ አቢንግደን ይባላል። ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቴምዝ ወንዝ ዳር የሚገኝ ነው። ኤም.ጂ. የሚለው ስም በኦክስፎርድ ከነበረው ከሞሪስ ጋራዥ ስም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች የተወሰደ ነው። የዚያ ጋራዥ ሹም የነበረው ሴሲል ኪምበር ከ1920 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ተራውን የሞሪስ ኦቶሞቢል እያሻሻለ ፈጣንና ቀላል ኦቶሞቢል መሥራት ጀመረ። ሥራውም ስለ ሰፋ በ1929 ዓ.ም. ወደ አቢንግደን ተዛውሮ፣ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ ላይ ሥራ ፈትቶ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ተደላደለ። ኤም.ጂ.ቢ. የተባለችው ከ1962 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርታለች። ፋብሪካውም በዚያው በ1980 ዓ.ም. ተዘጋ። ስሙ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ በቻይና ኩባንያ እጅ ይገኛል።

ጋሼ በአቢንግደን የሚኖሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የሠሩ አንድ ሽማግሌ በወዳጅ በኩል አግኝተው፣ በተቀጠረው ቀን ከቀትር በኋላ ኦቶሞቢሏን ሊያሳዩአቸው ቃል ተቀባብለው ነበር። እኔንም አስከትለው ጧት ከሎንዶን ተነሣን።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ከኮፋኖው ሥር «ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ እንደሚሰማ ያለ ነው። «ጋሼ፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የቫልቮላ ድምፅ ነው፤ አሮጌ ሞተር ሁሉ እንዲህ ይላል። ደግሞም ከሁለት ሳምንት በፊት ጋራዥ ወስጃት የጭስ መውጫዋን ጓርኒሲዮን ለውጠውልኛል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሰው ነው የሰጡኝ» አሉኝ። ፈጥነው በመጨረሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ እየቀነሰ ስለ ሄደ እኔም ረሳሁት።

ሜድንሄድ ከተባለው ከተማ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ቆመን የሸራውን ጣራ ዘረጋን፤ መስኮቱን ዘጋን፤ ብርድም ስለ ነበረ ማሞቂያውን ከፈትን። ከዚያ በኋላ የቴምዝን ድልድይ ተሻግረን ወደ ሄንሊ ገባን። ሄንሊ ከ1839 ዓ.ም. ጀምሮ በሚደረገው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የታወቀች ያማረች ከተማ ናት። እኔ ግን አላማረችኝም። ራሴን ይከብደኝ ጀመር፤ ሆዴም ተገለባበጠ። የጧቱ ምግብ ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ።

ከሄንሊ በኋላ መንገዱ በዛፎች መካከል ቀጥ ብሎ ያልፍና ቺልተርን ወደሚባለው ኮረብታ ይወጣል። ዳገቱን ስንጀምር ያ የረሳሁት ድምፅ ተመለሰ፤ አሁን ግን እንደ መወርወሪያ ሳይሆን እንደ ውሻ ጩኸት ነበር። ጋሼ የቤንዚን መስጫውን በለቀቁ ጊዜም በኋላ በኩል እንደ ጠመንጃ «ጧ!» ይላል። ጋሼ ደጋግመው አዛጉ። አንድ ነገር ብጠይቃቸው ያልጠየቅኋቸውን መለሱልኝ። የእኔም ዓይን ሊከደን ደርሶ ሳለ በእኔ ወገን ያለው ጎማ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን ሲመታ ሁለታችንም ደንግጠን ነቃን። በፊታችን ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ወፍራም ዛፍ ቆሞ ነበር።

ጋሼ ኦቶሞቢሏን መልሰው ወደ መንገዱ አስገቡና ከኮረብታው ላይ ካለችው ከኔትልቤድ መንደር ደርሰን ቆምን። ወርደን ብንቆም ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ። ይህች መንደር በቀድሞ ዘመን ጡብ በመሥራት የታወቀች ናት፤ ዛሬም በመካከሏ አንድ አሮጌ የጡብ መተኮሻ ምድጃ እንደ ትልቅ ጠርሙስ አንገቱን አሹሎ ቆሞአል። በዚያ ምድጃ አጠገብ በዝናብ ውስጥ ቆመን ንጹሕ አየር ተነፈስን።

ጋሼ ወዲያው ሰዓታቸውን አዩና «ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው የቀረን። ሰውየው ይጠብቁናል። ቃል ሰጥቼ አልቀርም፤ ግባ» አሉኝ።

ታላቅን መቃወም እንዴት እንደሚከብድ አንባቢ ያውቃል። ነገር ግን እንዲህ አልኋቸው፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታላቄ ነዎትና ቃልዎን ላፈርስ አይገባኝም። ነገር ግን እኔን ራሴን ያመኛል፤ እርስዎም ያዛጋሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ሕመም ቢታመሙ ምክንያቱ አንድ ነው። ይህ የጡብ ምድጃ እንኳ ጭሱን በአናቱ በኩል ወደ ላይ ይለቅ ነበር። የእኛ ጭስ ግን በየት እንደሚወጣ አላወቅንም።»

ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። ቁልፉን በእጃቸው ጨብጠው ኦቶሞቢሏን አዩአት። በኋላም ምንም ሳይናገሩ ቁልፉን ሰጡኝ። ለሽማግሌውም ስልክ ደውለው የሆነውን ነገሩአቸው። ሽማግሌው ግን ከመቀየም ይልቅ፣ «ኦቶሞቢሏን አንድ እርምጃ እንኳ አትንዱአት፤ በካሚዮን አስጭናችሁ አምጡልኝ» አሉ። እንዲሁም አደረግን።

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት ይገባኛል። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲነድ ፈጽሞ ስለማይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ መልክ የለውም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ክፍል ጋር ይጣበቃል። የመጣበቁም ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰው አየር እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ነው። እጅግ የሚያስፈራውም ይህ እንቅልፍ ነው፤ ሰውየው መታመሙን ሳያውቅ ያንቀላፋልና። አሮጌ ኦቶሞቢል ደግሞ እንደ ዛሬዎቹ ጭሱን የሚያጠራ ዕቃ ስለሌለው መርዙ ብዙ ነው። የጭስ መውጫው ጓርኒሲዮን በተቀደደ ጊዜ ጭሱ በቧንቧው እስከ ማርሚታው ሄዶ በኋላ በኩል መውጣቱን ትቶ ከኮፋኖው ሥር ይበተናል። ከዚያም በማሞቂያው የአየር መግቢያና በየቀዳዳው ሰው ወዳለበት ይገባል። ጣራው ታጥፎ በነበረ ጊዜ ነፋስ ወሰደልን፤ በዘረጋነው ጊዜ ግን ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

አቢንግደን ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሽማግሌው ከቤታቸው በስተ ኋላ ባለች ትንሽ የሥራ ቤት ተቀበሉን። በማግሥቱ ማለዳ ሞተሩ ፈጽሞ በበረደ ጊዜ ኦቶሞቢሏን ወደ ግቢው ገፍተው አወጡና አንድ ክንድ የሚያህል የላስቲክ ቧንቧ አመጡ። ሞተሩን አስነሥተው የቧንቧውን አንድ ጫፍ ወደ ጆሮአቸው፣ ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ሞተሩ ጎን አስጠግተው፣ ሐኪም የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ በቀስታ አዳመጡ። ከመካከለኛው የጭስ ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ቧንቧውን ለእኔ ሰጡኝ። ያ «ጠክ ጠክ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ደረሰ። ሞተሩን አጥፍተው ደግሞ በዚያው ስፍራ በብረቱ ላይ የተሳለውን ጥቁር የጥላሸት መስመር በጣታቸው አሳዩን። «ቫልቮላ ቢሆን ጥላሸት አይተውም ነበር። ቫልቮላ ቢሆን ብርድና ሙቀት፣ ሜዳና ዳገት እንዲህ አይለየውም ነበር። ይህ ግን ሲበርድ ይጮኻል፤ ሲሞቅ ብረቱ ሰፍቶ ቀዳዳውን ስለሚያጠብበው ዝም ይላል፤ ዳገት ሲመጣ ደግሞ ጭሱ በኃይል ስለሚገፋ ተመልሶ ይጮኻል» አሉ። በኋላ በኩል እንደ ጠመንጃ የሚተኩሰውም፣ በተቀደደው ስፍራ ንጹሕ አየር ወደ ቧንቧው እየገባ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ስለሚያቀጣጥለው ነው።

የዚህ ሞተር አሠራር ልዩ ነው። በቴስታታው አንድ ጎን አምስት ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል፤ ሁለቱ አየርና ቤንዚን የሚገባባቸው፣ ሦስቱ ጭስ የሚወጣባቸው ናቸው። መካከለኛው የጭስ ቀዳዳ የሁለት ሲሊንደሮችን ጭስ ብቻውን ስለሚቀበል ከሁሉ ይልቅ ይግላል። አምስቱን ሁሉ አንድ ጓርኒሲዮን ይሸፍናቸዋል። የመግቢያው ቧንቧ ከአሉሚኒየም፣ የጭሱ ሰብሳቢ ግን ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ሁለቱንም የሚያጣብቁአቸው እነዚያው ዳዶዎች ናቸው፤ ከዳዶው ሥር ያለው ወፍራም ሮንዴላ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሁለተኛው ላይ ያርፋል። እንግዲህ አንዱ ከሌላው በጥቂት ቢወፍር፣ ረዥምና አጭር በሬ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሮንዴላው ያዘነብላል። አንዱን አጥብቆ ሲይዝ ሌላውን ይለቅቃል፤ በተለቀቀውም በኩል ጭሱ መንገድ ያገኛል።

ሽማግሌው በየዳዶው ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፈሰሱና «እስኪጠጣው ድረስ ሄዳችሁ ከተማችንን እዩ» አሉን።

አቢንግደን ትንሽና ጸጥተኛ ከተማ ነው። በቴምዝ ላይ ያለው ድልድይ መሠራት የጀመረው በ1416 ዓ.ም. ነው። የቅድስት ሄለና ቤተ ክርስቲያን አምስት ክፍል ሆኖ ጎን ለጎን ስለ ተሠራ ወርዱ ከርዝመቱ ይበልጣል። በገበያው አደባባይ ከ1678 እስከ 1682 ዓ.ም. የተሠራ የድንጋይ አዳራሽ አለ፤ በንጉሥ በዓል ቀን የከተማው ሹማምንት ከጣራው ላይ ለሕዝቡ ዳቦ ይወረውራሉ። ይህ አዳራሽ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖአል፤ በውስጡም በፋብሪካው መጨረሻ ዘመን ከተሠሩት አንዲት ኤም.ጂ.ቢ. ትገኛለች። ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው በፊቷ ብዙ ጊዜ ቆሙ። ፋብሪካው ወደ ነበረበት ስፍራ በሄድን ጊዜ ግን የመኖሪያ ቤቶችና የልዩ ልዩ ሥራ ሕንጻዎች አገኘን። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደማይገኝ ቤት ልወስዳት ኖሮአል ያሰብሁት» አሉ፤ ፊታቸውም ጠቆረ።

ስንመለስ ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጀምረው ነበር። ካርቡራተሮቹን አወረዱ፤ ዳዶዎቹን አንድ ባንድ ፈቱ። ያ ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ያደረገውም ሁሉ ተገለጠ። በነሐስ ዳዶ ፈንታ የብረት ዳዶ አግብተዋል፤ ነሐስ በዝገት አይጣበቅም፣ ብረት ግን ስለሚጣበቅ አንዱ ሲፈታ የተተከለበትን ቡሎን ይዞት ወጣ። የጎበጡትን አሮጌ ሮንዴላዎች መልሰው አግብተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የቀድሞውን ጓርኒሲዮን ቅሬታ ሳይጠርጉ አዲሱን በላዩ አስቀምጠዋል። ሽማግሌው አፋቸውንና አፍንጫቸውን ሸፍነው ያን ቅሬታ በውኃ እያራሱ በቀስታ ፋቁት። በቀድሞ ዘመን ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ከሚባለው ማዕድን ጋር ይሠራ ነበርና ደርቆ ቢቦን ትቢያው ሳንባን ያጠፋል፤ እንግሊዞችም አስቤስቶስን በ1999 ዓ.ም. ፈጽመው ከልክለዋል።

ከዚህ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በብረቶቹ ፊት ላይ አጋድመው ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ አዩ። የሁለቱንም ውፍረት ለኩ፤ የሚበልጠውን በሞረድ ጥቂት በጥቂት እየሞረዱ አስተካከሉ። አዲስ ቡሎን ተክለው፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን ያለ ምንም ማጣበቂያ ደረቁን አግብተው፣ አዲስ ወፍራም ሮንዴላና የነሐስ ዳዶ ጨመሩበት። ሲያጠብቁም ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር፣ በቀላል እጅ፣ ሦስት ጊዜ እየዞሩ ነው። አንዱን ባንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ማጥበቅ ብረቱን ያጎብጠዋል አሉ።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ጸጥ አለ። ጋሼ ደስ ብሏቸው ገንዘብ ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ሽማግሌው ግን ሞተሩን እስኪግል ድረስ አስኪደው አጠፉትና «አሁን እስኪበርድ እንቀመጥ፤ ሻይ እናፍላ» አሉ።

«አልተጨረሰም?» አሉ ጋሼ።

«በግለቱ ጊዜ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ሳስቶአል፤ ስለዚህ ዳዶው ላልቶአል። በርዶ ሁለተኛ ሳይጠብቅ የሄደ እንደ ሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ድምፅ ይመለሳል። ጋራዡ በአንድ ሰዓት የሰጠዎት ይህን መጠበቅ ትቶ ነው» አሉ።

ጋሼ በዚያን ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብለው በገዛ ቋንቋችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ትርጓሜውን ለሽማግሌው በነገርኋቸው ጊዜ እጅግ ሣቁና በሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንዲሆንላቸው ጻፍልኝ አሉኝ። እኔም አዲሱ ጓርኒሲዮን በመጣበት ካርቶን ጀርባ ላይ በቁም ጽሕፈት ጻፍሁላቸው፤ እርሳቸውም ከመፍቻዎቻቸው በላይ በምስማር መቱት። ጋሼ ያን አይተው «እንግዲህ ወደ ቤቷ አድርሻታለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ስንመለስ ደግሞ ዝናብ ነበር፤ ጣራውንም ዘርግተን ነበር። ከኔትልቤድ ምድጃ አጠገብ ጋሼ ያለ ልመናዬ ቆሙ። ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፋኖውን ከፍተው ጆሮአቸውን አዘነበሉ። ዝናቡ በጋለው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ብቻ ተሰማ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ኦቶሞቢላችሁ ጧት በብርድ ጊዜ ጠክ ጠክ ብሎ ሲሞቅ ዝም የሚል፣ ዳገት ላይ የሚጮኽ፣ ቁልቁለት ላይ የሚተኩስ ቢሆን የእርጅና ድምፅ ነው ብላችሁ አትለፉት። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሡ። በመንገድ ሳላችሁ አብረው የተሳፈሩት ሰዎች በአንድነት ራሳቸውን ቢያማቸው ወይም እንቅልፍ ቢጥላቸው ወዲያው ቁሙ፣ ውረዱ፣ ንጹሕ አየር ተንፍሱ፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ቢኖር ይጠብቅ። ሕመሙ ካልተወም ወደ ሐኪም ሂዱ። ታናሹም አደጋ ባየ ጊዜ በአክብሮት ይናገር፤ ታላቁም ቁልፉን ለመስጠት አይፈር። ጋሼ ያን ቀን ቁልፉን ባይሰጡኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ባልተገኘም ነበር።